ስምንት ማርክ ሲጎድል

ሃይፋ፣ ኔቬ ዮሴፍ
ጥር 14 ቀን 2005 ዓ.ም.

አያ ይታየው፣

እንዴት ከረሙ? ዓይንዎ፣ ጉልበትዎ፣ ተማሪዎችዎስ እንዴት ናቸው? እኛ ደኅና ነን። ይህ ደብዳቤ ከሁለት ወር በፊት ሊደርስዎ ይገባ ነበር። ይቆጡኝ፣ ግን አንብበው ከጨረሱ በኋላ ይሁን።

በስልክ «ልጅቱ ከውትድርናው ከወጣች ወዲያ ምን አሰበች?» ሲሉኝ «ደኅና ናት» ብዬ ያለፍኩት ራሷ ሺራን አጠገቤ ተቀምጣ ስለነበር ነው። ደግሞስ እርስዎ ራስዎ ቁጥርና ምሥጢር በስልክ አይነገርም ይሉ የለ? ይኸው ሁለቱንም በወረቀት ልኬልዎታለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቴ ሙላት፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ታሞ በተኛ ጊዜ ሐኪሞቹ የሚሉትን የምታስረዳው፣ እሱ የሚለውን ለሐኪሞቹ የምትነግረው ሺራን ነበረች። ገና የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ! «አባ፣ የት ጋ ነው የሚያምህ? ከመቼ ጀምሮ?» ስትለው ትውል ነበር። ያን ጊዜ ነርስ እሆናለሁ አለች። ወታደር ሆናም ቃሏ አልተለወጠም። አሁን የምዝገባው ጊዜ ሲደርስ ግን «ተውኩት፣ አልፈልግም» ትለኛለች። ለምን ስላት ክፍሏ ገብታ በሩን ትዘጋለች። ለጊዜው ጥበቃ ተቀጥራ፣ ነሸር ከተማ ካለው የገበያ አዳራሽ በር ላይ ቆማ የሰው ቦርሳ ትፈትሻለች።

የነርሶቹ ትምህርት ቤት የሚቀበለው አማካይ ውጤቱ ሰማንያ የሞላለትን ነው። ይህን የነገረችኝ ጓደኛዋ ሊታል ናት። ስለዚህ ሌባ ሆንኩ፣ አያ። ልጅቱ ሥራ በዋለችበት ቀን መሳቢያዋን ከፍቼ የባግሩቷን ወረቀት አወጣሁና ገለበጥኩት። ባግሩት የሚሉት እንደኛ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና ነው። ዕብራይስጥ ሳነብ እንደ ኤሊ ነኝ፤ ቢሆንም የትምህርቶቹን ስም ፊደል እየቆጠርኩ ደረስኩባቸው። ከላይ ያሉትን አጫጭር ምልክቶች አላወቅኳቸውም። ግን ካርድ መቼም የትም ካርድ ነው። ከማርኩ ጎን ደረጃዋም ተጽፏል፤

ባዮሎጂ 92፣ ደረጃ 5
ሂሳብ 84፣ ደረጃ 4
እንግሊዝኛ 82፣ ደረጃ 4
ሥነ ጽሑፍ 73፣ ደረጃ 2
ኦሪትና ነቢያት 72፣ ደረጃ 2
ሥነ ዜጋ 71፣ ደረጃ 2
ዕብራይስጥ 70፣ ደረጃ 2
ታሪክ 68፣ ደረጃ 2

አማካዩ ግን የትም አልተጻፈም። እባክዎ አስልተው ይላኩልኝ። ሰማንያ ከሞላላት ልጅቱ የያዛት ፍርሃት ነው ማለት ነው፣ እገፋፋታለሁ። ካልሞላላት አፌን እይዛለሁ፤ ቁስሏን አልነካም። አልደብቅዎትም፣ ጨንቆኛል።

ደብዳቤውን የያዘው ያለው የሚባል ጎረቤታችን ነው፤ ዘመድ ጥየቃ ጎንደር ይመጣል። መልሱን በእሱ ይላኩልኝ።

እህትዎ ማንአለብሽ


ጎንደር
የካቲት 6 ቀን 2005 ዓ.ም.

ውድ እህቴ ማንአለብሽ፣

ለጠየቅሽው ሁሉ፣ ጉልበቴ ዳገት ሲያይ ይለግማል፣ ዓይኔ ግን ማርክ ለማየት አልሰነፈም። ጎረቤትሽን ሻይ እንኳ ሳላስጨርሰው ወረቀትሽን ተቀብዬ ተቀመጥኩ።

አንቺ ገና ከሀገር ሳትወጪ ሮስተር ስሞላ ታውቂኛለሽ። መጀመሪያ በእርሳስ፣ ቀጥሎ በእስክሪብቶ፤ አንዱ መምህር ማርኩን እየጠራ ሌላው ይጽፋል፣ ስርዝ ድልዝ የለበትም። የሺራንንም እንዲሁ ነው የሠራሁት። ደረሰን፣ የእንግሊዝኛውን መምህር፣ አስቀምጬ ማርኩን እያስጠራሁት ሁለት ጊዜ ደመርኩ። ስምንቱ ትምህርት ሲደመር 612። ለስምንት ሲካፈል 76.5። ለሰማንያ ሦስት ተኩል ይጎድላል።

እህቴ፣ ውስጤ እያዘነ ነው የምጽፍልሽ። ቁጥር እንደ ሰው ይሉኝታ የለውም። ሦስት ተኩል በአማካይ ማለት በድምር ሃያ ስምንት ማርክ ነው፤ በዋዛ የሚሞላ አይደለም። ልጅቱ «ተውኩት» ያለችው አውቃው ይሆናል። ስለዚህ አንቺም ተያት፣ ሌላ መንገድ ትፈልግ።

ደረጃዋ ግን አስገርሞኛል። 92 አምጥታ አምስተኛ፣ 68 አምጥታ ሁለተኛ! ታሪክ የሚማሩት እንቅልፋሞች ብቻ ናቸው እንዴ? ደግሞም በአንዱም አንደኛ አልወጣች፣ በአንዱም ሦስተኛ አልወጣች። በሠላሳ አንድ ዓመት የመምህርነት ዘመኔ እንዲህ ያለ ደረጃ አላየሁም። ደረሰ «የውጭ ሀገር ነው፣ ምን ታውቃለህ» አለኝና ተሳሳቅን።

ፎቶዋን ላኪልኝ። ልጅ እያለች የላክሽው ደብዝዟል። አባታችን ቢኖር እንዴት ደስ ብሎት ባያት ነበር። እኔና አንቺ በአባት እንጂ በእናት አንድ ስላልሆንን እኔ ወደ እስራኤል በሄዳችሁበት የቤተ እስራኤል መዝገብ አልገባሁም፤ ሳላያት እንዳልሞት ነው የምፈራው።

ወንድምሽ ይታየው


ሃይፋ
መጋቢት 3 ቀን 2005 ዓ.ም.

አያ ይታየው፣

መልስዎ ደርሶኛል፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለደከሙም ይቅርታ።

ለጠየቁኝ፣ ልጅቱ ደኅና ናት። ሥራዋንም ይዛለች። ሰው ሁሉ ነርስ አይሆንም፤ እኔም ሀዳር ሰፈር ውስጥ አንድ ኒሲም የሚባሉ ሽማግሌ እየጠበቅኩ ነው የምኖረው፣ ምንም አልሆንኩም። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ሾርባ አጠጣቸዋለሁ፤ እሳቸውም በዕብራይስጤ ይስቃሉ። ቀኑ ያልፋል።

ስለ ነርስነቱ ድጋሚ አላነሳሁባትም። እንዳሉኝ ተውኩት። ብቻ አንድ ነገር ልንገርዎ። ሙላት ሊያልፍ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አንዲት የእኛ ልጅ ነርስ ተረኛ ሆና መጣችና «ጋሼ፣ እንዴት አደሩ?» አለችው። በአማርኛ። ያ ሁሉ ሕመም ያላስለቀሰው ሰው አለቀሰ። ሺራን እግሩ ሥር ቆማ ነበር፣ አይታለች። እኔ እሷን በዚያች ልጅ ልብስ ስንት ጊዜ በሐሳቤ አልብሻታለሁ! እንግዲህ ይቅር።

ፎቶዋን በሌላ ጊዜ እልካለሁ። አሁን ፎቶ ተነሺ ብላት አትነሳልኝም።

ማንአለብሽ


ሃይፋ
6 አፕሪል 2013

ሻሎም አጎቴ ይታየው፣

እኔ ሺራን ነኝ፣ የማንአለብሽ ልጅ። ፊደል እማ አስተምራኛለች ግን ብዙ ጽፌ አላውቅም። ስህተት ካለው ሳቅ፣ ቤሰደር፣ ችግር የለም።

የጦር ሠራዊት ወረቀቴን ስፈልግ በእማ ሣጥን ውስጥ ያንተን ደብዳቤ አገኘሁ። ስሜን አየሁና አነበብኩት። ቀስ ብዬ፣ ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ከዚያ በጣም ተናደድኩ። አንደኛ፣ እማ ማርኬን ሰርቃ ወደ ጎንደር ልካለች! እኔ ለጓደኞቼ እንኳ አላሳየሁም። ሁለተኛ፣ አንተ ደግሞ 76.5 አልከኝ።

አጎቴ፣ እኔ 76.5 አይደለሁም!

ያ 5 እና 4 እና 2 የሚለው ደረጃ አይደለም። እዚህ ደረጃ የለም። ማን አንደኛ ማን ሁለተኛ አይጻፍም። ያ «የሒዶት» የሚሉት ነው። የትምህርቱ ክብደት ማለት ነው። ባዮሎጂ ብዙ ተምሬያለሁ፣ ስለዚህ 5 ነው። ታሪክ ትንሽ ነው፣ 2 ነው። አማካይ ሲሠራ ባዮሎጂ አምስት ጊዜ ይቆጠራል፣ ታሪክ ሁለት ጊዜ። እንዲህ ሲሠራ እኔ 79.65 ነኝ። ዩኒቨርሲቲዎች ከዚህ ላይ ቦነስ ይጨምራሉ፣ ይህ ትምህርት ቤት ግን አይጨምርም። 80 ማለት 80 ነው ይላሉ።

እማ ፈሪ ነኝ ብላ ታስባለች። አይደለሁም። እኔ ሁልጊዜ «ትንሽ ቀረሽ» ነኝ። ትምህርት ቤት እያለሁ ጥሩው ክፍል ለመግባት ትንሽ ቀረሽ። ጦር ሠራዊት ውስጥ ለሕክምና ኮርስ ትንሽ ቀረሽ። አሁንም ትንሽ ቀረሽ። የቢሮዋ ሴት «ሂሳብን ወደ 5 አሳድጊና ተመለሺ» አለችኝ፣ አንድ ዓመት ይፈጃል። እኔ አራተኛ ጊዜ «ትንሽ ቀረሽ» መስማት አልችልም። ስለዚህ ተውኩት። ለእማ አልነገርኳትም፣ ታለቅሳለችና።

ይህን የጻፍኩት እንድታውቅ ብቻ ነው። ደብዳቤህን አንብቤ እንደጨረስኩ ስለ ደረጃው ሳቅሁ ደግሞ። 92 አምስተኛ! እውነትህን ነው፣ በጣም ሞኝ ክፍል ነው የሚሆነው።

ሺራን


ጎንደር
ሚያዝያ 14 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለሺራን፣

በመጀመሪያ ይቅርታ እጠይቅሻለሁ። ስልሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ተማሪ ይቅርታ ጠይቄ አላውቅም ነበር። ደብዳቤሽን ሳነብ ጆሮዬ ሁሉ ጋለ። ደረሰን ጠርቼ አስነበብኩት፤ እሱ ደግሞ ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ።

በእናትሽ አትፍረጂ። እዚህ ካርድ ላይ ከማርክ ጎን የሚጻፍ ቁጥር ደረጃ ነው፤ ሌላ ነገር ተጽፎበት አያውቅም። እሷ ያወቀችውን ጻፈች። ጥፋቱ የእኔ ነው። ደረጃው ግራ የሚያጋባ እንደሆነ አይቻለሁ፣ ጽፌያለሁም፤ ግን «ይህ ለምን ሆነ?» ብዬ በመጠየቅ ፈንታ ቀለድኩበት። ተማሪ ቢያደርገው አስነሥቼ እቆጣው ነበር።

አሁን እንደ ነገርሽኝ አድርጌ እንደገና ሠርቼዋለሁ። ባዮሎጂ 92 በ5 ሲባዛ 460። ሂሳብ 336፣ እንግሊዝኛ 328። ባለ ሁለት ክብደቶቹ አምስቱ ተደምረው በሁለት ሲባዙ 708። ጠቅላላ 1832። ክብደቶቹ ሲደመሩ 23። ሲካፈል 79.65። አንቺ ልክ ነሽ፣ እኔ ተሳስቻለሁ።

ግን ልጄ፣ እኔ አንድ ልማድ አለኝ። ተማሪ ሲወድቅብኝ ከታች ወደ ላይ ብቻ አልደምርም፤ ከላይም ወደ ታች እወርዳለሁ። ለማለፍ ስንት ድምር ያስፈልጋል? 80 በ23 ሲባዛ 1840 ነው። ያለሽ 1832። ስንት ጎደለሽ? ስምንት! ስምንት ብቻ ነው። ታሪክ ክብደቱ ሁለት ስለሆነ አንድ ማርክ ሲጨምር ድምርሽ ሁለት ይጨምራል። ስለዚህ ታሪክን ከ68 ወደ 72 ከፍ ብታደርጊ አለቀ። አራት ማርክ! የቢሮዋ ሴት አንድ ዓመት ሙሉ ሂሳብ ለምን እንዳዘዘችብሽ እሷ ታውቃለች። ለራስ ምታት እግር አይቆረጥም።

ፈተናውን እንደገና መውሰድ ይፈቀዳል ወይ? መቼ ነው? ቶሎ ጻፊልኝ። ይህን ሳሰላ እንዴት ደስ እንዳለኝ!

አጎትሽ ይታየው


ሃይፋ
10 ሜይ 2013

አጎቴ፣

ይፈቀዳል። ሐምሌ ላይ ይሰጣል። ውጤቱ እስከ ኦገስት መጨረሻ ከደረሰ ትምህርት ቤቱ ይቀበላል። ስልክ ደውዬ ጠየቅኩ።

ስምንቱን ሳይ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። እኔ 79.65 ብቻ ነበር የማየው። ሰው ሁሉ የሚያየው እሱን ብቻ ነው።

ግን ታሪክን አልነካም። ሌላ ቁጥር ፈልግልኝ፣ በቫካሻ፣ እባክህ።

ለምን እንደሆነ ለማንም ተናግሬ አላውቅም፣ ለእማም። የታሪክ ፈተና የነበረ ቀን አባ ሆስፒታል ነበር። ጠዋት ሐኪሙ መጣና ለአባ ንገሪው አለኝ። መድኃኒቱ ከእንግዲህ አይሠራም፣ ንገሪው። እኔ ነገርኩት። «አባ፣ መድኃኒት ይለውጡልሃል» አልኩት። ዋሸሁ። አባ ዓይኔን አየና «አይዞሽ፣ ፈተናሽ እንዳያልፍሽ ሂጂ» አለኝ። አውቆ ነበር መሰለኝ። አውቶቡስ ይዤ ሄጄ ተፈተንኩ። ምን እንደጻፍኩ አላውቅም። የጥያቄውን ወረቀት ሳይ የሐኪሙ ድምፅ ነበር የሚሰማኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ያንን መጽሐፍ ከፍቼ አላውቅም።

አሁን ታውቃለህ። ለእማ አትንገር።

ሺራን


ጎንደር
ግንቦት 18 ቀን 2005 ዓ.ም.

ልጄ ሺራን፣

አልነግራትም። ነገሩ ያንቺ ነው፤ ስትፈልጊ አንቺ ትነግሪያታለሽ።

ሌላ ቁጥር ፈልግልኝ ላልሽው፣ ፈልጌያለሁ። ሥነ ጽሑፍም፣ ኦሪትና ነቢያትም፣ ሥነ ዜጋም፣ ዕብራይስጥም እንደ ታሪክ አራት አራት ማርክ ይበቃቸዋል። ሂሳብ ወይም እንግሊዝኛ ከሆነ ሁለት ማርክ፤ ባዮሎጂም ሁለት፣ 94 ማለት ነው። ሰባት በር አለሽ። በታሪክ ግቢ ብዬ አላስገድድሽም።

ግን እንደ መምህር አንድ ነገር ልበልሽ። 68 ሳይ ሰነፍ ልጅ መስላኝ ቀልጄ ነበር። አሁን ሳውቀው፣ አባቷን እንዲያ ትታ መጥታ 68 ያመጣች ተማሪ በሠላሳ አንድ ዓመት አላጋጠመኝም። ለአባትሽ የዋሸሽውንም እኔ ውሸት አልለውም። አንቺ ልጅ ነበርሽ፤ ያን ወሬ ሐኪሙ ራሱ ሌላ ትልቅ ሰው አቁሞ መናገር ነበረበት። በእኛ ወግ መርዶ እንኳ ለብቻ አይነገርም፣ ዘመድ ተሰብስቦ ነው። አንቺ ለብቻሽ ተሸከምሽው። ያናድደኛል፣ ያሳዝነኛልም።

የእኔንም ልንገርሽ። አያትሽ ባረፉ ሳምንት ሮስተር ሞላሁ። አሥራ አንድ ስህተት ነበረበት። ዳይሬክተሩ መለሰልኝ፣ እኔም ድጋሚ አልነካውም አልኩ። ያኔ ደረሰ ንጹሕ ወረቀት አምጥቶ አጠገቤ ተቀመጠና ማርኩን አንድ በአንድ እየጠራልኝ ጻፍኩት። ብቻዬን ቢሆን አልጨርሰውም ነበር። ምንም ብትመርጪ ብቻሽን አትቀመጪ፤ ይህን ነው የምለምንሽ።

አጎትሽ ይታየው


ሃይፋ
ሐምሌ 15 ቀን 2005 ዓ.ም.

አያ ይታየው፣

የተማረ ይግደለኝ ብዬ ማርኳን ላክሁልዎ፣ እርስዎም በ76.5 ገደሉኝ! ልጅቱ ሁሉንም ነግራኛለች። ስለ ደረጃው ስታስረዳኝ በሳቅ ፈርሳ ነው። «እማ፣ አምስተኛ አልወጣሁም» ትለኛለች። እኔ ግን አፈርኩ። መሳቢያዋን ስለ ከፈትኩ ይቅርታ ጠየቅኳት፤ «ባትከፍቺው ኖሮ ስምንቱን ማን ይነግረኝ ነበር?» አለችኝ።

የሆስፒታሉንም ነገር ነግራኛለች። ስለዚያ አልጽፍም። አብረን አለቀስን፣ ይበቃል።

የመረጠችው ታሪክን ነው። «ሌላ ብወስድ ይህኛው እዚያው ይቀመጣል» አለች። ካንቺ ጋር ካልሆነ ግን አልከፍተውም አለችኝ። አያ፣ እኔ በዕብራይስጥ ምን ልረዳት? እሷ ግን እያነበበች በአማርኛ ታስረዳኛለች፣ እኔ ደግሞ ካልገባኝ እጠይቃለሁ። «ለምን ተዋጉ? ማን አስታረቃቸው? ያን ጊዜ ሴቶቹ የት ነበሩ?» ስላት ትናደድና መጽሐፉን ገልብጣ ትፈልጋለች። «እማ፣ ይህን መምህሬ እንኳ አልጠየቀም» ትላለች። ከኒሲም ቤት እንደ ተመለስኩ ሁልጊዜ ይኸው ነበር ሥራችን። አሁን የአውሮፓን መንግሥታት ጠብ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም።

ፈተናውን ባለፈው ሳምንት ወስዳለች። እስከ ደጁ ሸኘኋትና ግንቡ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኋት። ስትወጣ ፊቷን አየሁ፣ ምንም አይነበብም። «ራበኝ» አለች። ሀዳር ወርደን ፈላፍል በላን፤ ሁለት በላች። ስለ ፈተናው አልጠየቅኋትም። እርስዎም አይጠይቋት። እኔ ግን ተስፋ አድርጌያለሁ፤ ተስፋ ካደረግሁ ቆይቶ ስለነበር እንግዳ ሆኖብኛል።

ፎቶዋ ይኸውና። ራሷ ናት «ላኪለት» ያለችኝ።

ማንአለብሽ


ሃይፋ
26 ኦገስት 2013

አጎቴ፣

ታሪክ፦ 73።

ወረቀቱን ዛሬ ጠዋት ለትምህርት ቤቱ ራሴ ወስጄ ሰጠሁ። እማ ወጥ ቤት ቁጭ ብላ እያለቀሰች ነው። ቀሪውን አንተ አስላው።

ሺራን


ጎንደር
መስከረም 15 ቀን 2006 ዓ.ም.

ልጄ ሺራን፣

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ትምህርት በተከፈተ ሳምንት፣ ወደ ክፍል ስገባ ነው። ደጁ ላይ ቆሜ ከፈትኩት። 73ን እንዳየሁ የቀረው ለእኔ ግልጽ ነው፤ 72 ነበር የፈለግነው። ግን እንዲህ ያለ ደስታ ብቻዬን አልበላውም አልኩ።

ሰባተኛ «ለ» ክፍል ስልሳ አራት ተማሪ ነው። ገብቼ ስምንቱን ትምህርት፣ ማርኩንና ክብደቱን ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። የማን እንደሆነ አልነገርኳቸውም። «ይህች ልጅ ለማለፍ አማካይዋ ሰማንያ መሙላት አለበት። አለፈች ወይስ ወደቀች?» አልኳቸውና ክብደት ማለት ምን እንደሆነ አስረዳሁ። ከዚያ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። የእርሳስ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ከፊት ያለ አንዱ ስምንቱን ደምሮ ለስምንት አካፈለና «ወድቃለች!» ብሎ ጮኸ። አልተቆጣሁትም። በምን አፌ እቆጣዋለሁ? «ክብደቱን እይ» ብዬ ብቻ አስቀመጥኩት።

ቆይቶ ከኋላ የምትቀመጥ የሻሽወርቅ የምትባል ዝምተኛ ልጅ እጇን አወጣች። ሰሌዳው ጋ አወጣኋት። እያንዳንዱን አባዛች፣ ደመረች፣ 1842 አገኘች። ለሃያ ሦስት ማካፈል ጀመረች። እኔ መልሱን የማውቀው ሰውዬ ከወንበሬ ተነሣሁ።

«ሰማንያ ጊዜ ደረሰ፤ ሁለት ተረፈ» አለች።

«ስለዚህስ?» አልኳት።

«አልፋለች፣ መምህር። እንዲያውም ሁለት ተርፏታል።»

ክፍሉ በጭብጨባ ተናወጠ። ለማን እንደሚያጨበጭቡ እንኳ አያውቁም፤ አለፈች ስለተባለ ብቻ ነው። አጠገባችን ያለው ክፍል መምህር ምን ተፈጠረ ብሎ በመስኮት ብቅ አለ። እኔ ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዙሬ ጠመኔ የምፈልግ መሰልኩ። ስመለስ ልጆቹ ሁሉ ያዩኛል።

«መምህር፣ ልጅቱ የየትኛው ክፍል ተማሪ ናት?» አለችኝ የሻሽወርቅ።

«የእኔ ክፍል» አልኳት።

አጎትሽ ይታየው